ኤላ ፊትዝጀራልድ፦ ከባንዱ ጥግ እስከ መድረኩ መሀል

የኤላ ፊትዝጀራልድን ድምፅ ጨርሶ ያልሰማ የጃዝ ወዳጅ አይገኝም። ከሉዊስ አርምስትሮንግ ጋር የተቀባበለቻቸው ዘፈኖች ዛሬም በየካፌውና በየሆቴሉ ይሰማሉ። ታሪኳን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው፤ አንዱ የልጆች ዘፈኗን፣ ሌላው ቃል የሌለው ዜማዋን፣ ሌላው ደግሞ የ1950ዎቹን ትልልቅ አልበሞቿን ይጠቅሳል።

ሥራ በጀመረችበት በስዊንግ ዘመን ድምፃዊት ማለት የባንድ ተቀጣሪ ማለት ነበር። ሰው የሚመጣው ለመደነስ ነው፤ ሸክላው የሚሸጠውም በባንዱ መሪ ስም ነው። ዘፋኟ ጥግ ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ሲደርሳት ተነሥታ አንድ ዙር ትዘፍንና ተመልሳ ትቀመጣለች። ኤላም ከዚያው ጥግ ጀምራ፣ ሃያ ዓመት ከምናምን በኋላ ኦርኬስትራ ለእሷ ተብሎ የሚቀጠርላት ሰው ሆነች። ለዚህ ያበቃት ድምፅዋ ብቻ አልነበረም። የሙዚቀኞች አድማ፣ የዓለም ጦርነት፣ የሸክላ መርዘምና የአንድ ግትር ማናጀር ሥራም አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1917–1934፦ ከዮንከርስ ወደ ሐርለም

ኤላ በኤፕሪል 25, 1917 በቨርጂኒያ ግዛት፣ ኒውፖርት ኒውስ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደች። ገና በሕፃንነቷ እናቷ ይዛት ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ወዳለችው ዮንከርስ ሄደች። የልጅነት ሕልሟ ዳንስ ነበር፤ በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም አዲስ እርምጃ በወጣ ቁጥር ተለማምዳ ለሰፈሩ ልጆች ታሳይ ነበር። ዘፈን የተማረችው ከሸክላ ነው። ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ኮኒ ቦስዌል የኒው ኦርሊንስ ነጭ ድምፃዊት ነበረች፤ ቃላቱን ዘና አድርጋ፣ ከምቱ ትንሽ ወደኋላ እያለች የምትዘፍን።

በ1932 እናቷ ሞተች። ሐርለም ያለችው አክስቷ ወሰደቻት፤ ኤላ ግን ትምህርቷን ተወች። ሕገወጥ የዕጣ ቁጥር በማዞርና ለሴተኛ አዳሪዎች ቤት በር ላይ ቆማ ፖሊስ በመጠበቅ ጥቂት ሳንቲም ታገኝ ነበር። ተይዛ መጀመሪያ ብሮንክስ ውስጥ ወዳለ የጥቁር ሕፃናት ማሳደጊያ፣ ቀጥሎም ሃድሰን ከተማ ወዳለው የሴቶች ልጆች ጠባይ ማረሚያ ተላከች። ጥቁር ልጃገረዶች በተለዩ የተጨናነቁ ቤቶች ይኖሩ ነበር፤ ይደበደቡም ነበር። ማረሚያው መዘምራን ነበሩት፤ ግን ነጮች ብቻ ስለነበሩ የዘመኑ ታላቅ ድምፅ ከመዘምራኑ አልተቆጠረም። ኤላ ይህን የሕይወቷን ምዕራፍ በአደባባይ ሳታወራ ኖረች፤ ዝርዝሩ በሰፊው የታወቀው በሞተችበት ዓመት ነው።

ከዚያ ወጥታ ሐርለም ጎዳና ላይ እያደረች ሳለ የአፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር መጣ። ቀኑ ኖቬምበር 21, 1934 ነው፤ ኤላ 17 ዓመቷ ነበር። የተመዘገበችው ለመደነስ ነበር። ከእሷ በፊት መድረክ ላይ የወጡት ኤድዋርድስ የተባሉ እህትማማቾች ግን አዳራሹን በዳንስ አስጨበጨቡት። ከእነሱ በኋላ መደነስ ሞት መስሎ ታያትና ባለቀ ሰዓት ዘፈን መረጠች። ጫማዋ ያረጀ፣ ልብሷ ያደፈ ነበር፤ ታዳሚው መሳቅ ጀመረ። የኮኒ ቦስዌልን አዘፋፈን ተከትላ ሁለት ዘፈን ዘፈነች፤ አንደኛ ወጥታም 25 ዶላር ተሸለመች።

1935–1939፦ የሳቮይ ዓመታት

ድምፅዋ በር ከፈተላት፣ መልኳና ልብሷ ግን መልሰው ይዘጉባት ነበር። በዚያን ጊዜ የባንድ ዘፋኝ ለዓይን ጭምር የምትቀጠር ነበረች። ድራመሩ ቺክ ዌብም አልፈልጋትም ብሎ ነበር። ዌብ በልጅነቱ በያዘው የአከርካሪ ነቀርሳ ጀርባው የጎበጠ፣ ቁመቱም በጣም ያጠረ ሰው ነው፤ ከበሮው ጋ ሲቀመጥ ግን ሐርለም ውስጥ የሚስተካከለው አልነበረም። የባንዱ መድረክ መሪ ባርዱ አሊ አማለደላትና ዌብ «ዬል ዩኒቨርሲቲ ለዳንስ ስንሄድ ትምጣ፤ ተማሪዎቹ ከወደዷት እናያለን» በሚል ሐሳብ ሞከራት። ተማሪዎቹ ወደዷት፤ ተቀጠረች።

የዌብ ቤቱ ሌኖክስ ጎዳና ላይ የነበረው የሳቮይ ዳንስ አዳራሽ ነበር። ጥቁርና ነጭ አብሮ ይደንስበት ነበር፤ ይህ በዚያች አሜሪካ ብርቅ ነው። አዳራሹ ሁለት መድረክ ስለነበረው አንዱ ባንድ ሲያቆም ሌላው ወዲያው ይቀበላል፤ ሁለት ባንዶች ፊት ለፊት የሚፋለሙበት ምሽትም ነበር። በሜይ 1937 የቤኒ ጉድማን ባንድ ዌብን ሊገጥም መጥቶ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው አዳራሹን ሞላው፤ ስንት ሺህ ሕዝብም ውጭ ቀረ። ሲያበቃ የጉድማን ድራመር ጂን ክሩፓ ተነሥቶ ለዌብ እጅ ነሣ።

የኤላ የመጀመሪያ ሸክላ የተቀረጸው በጁን 12, 1935 ለዴካ ኩባንያ ነው። ሐርለም በዚያ ሰሞን ስለ ኢትዮጵያ ነበር የሚያወራው፤ ሙሶሊኒ ለወረራ ሲዘጋጅ ጎዳናው በተቃውሞ ይሞላ ነበር። ከቀረጻው ሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ጣልያናዊውን ካርኔራን በቡጢ ሲዘርረው ሰፈሩ የአድዋን ያህል ጨፍሯል። የ18 ዓመቷ ዘፋኝ ግን የራሷ ጉዳይ ነበራት። ሸክላዋ ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ቢራ ቤት በሳንቲም በሚሠራ ማጫወቻ ውስጥ መኖሩን ሰማች፤ ዕድሜዋ ስላልደረሰ መግባት አትችልም። ሳንቲም ሰጥታ ሌላ ሰው አስገባችና እሷ ውጭ ቆማ ድምፅዋን አዳመጠች።

የዚያን ዘመን ሸክላ አንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል። ባንዱ ዜማውን አንዴ ይጫወታል፣ ዘፋኟ አንድ ዙር ትዘፍናለች፣ ባንዱ ይዘጋዋል። ኤላ ይህን ልማድ የሰበረችው በ1938 ነው። ዌብ ታምሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ቦስተን ውስጥ የባንዱን ሙዚቃ አቀናባሪ ቫን አሌግዛንደርን «ከልጆች ጨዋታ ዘፈን አንድ ነገር እንሥራ» አለችው። ቅርጫቷ ጠፍቶባት የምታለቅስ ልጅ ታሪክ ነው። ባንዱ በሙሉ በድምፅ እየገባ ቅርጫቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ይጠይቃታል፤ እሷ ትመልሳለች። ዘፋኟ እዚህ አንድ ዙር ዘፍና የምትቀመጥ መሆኗ ቀረ፤ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር እሷ ትመራዋለች፣ ባንዱ ይቀበላታል።

«ኤ ቲስኬት ኤ ታስኬት» በዚያ ዓመት ከአገሪቱ እጅግ ከተሸጡት ሸክላዎች አንዱ ሆነ፤ ሽያጩም ውሎ አድሮ ከሚሊዮን አለፈ። ሰው ከዚያ በኋላ የቺክ ዌብን ባንድ የሚፈልገው ኤላን ለማየት ነበር። ዌብ በዝናው ብዙም አልቆየም፤ በጁን 1939 በትውልድ ከተማው በባልቲሞር ከቀዶ ሕክምና በኋላ አረፈ።

1939–1944፦ ባለቤቱ የሞተበት ባንድ

ባንዱን የሚያስተዳድረው ሞ ጌል የሳቮይ ባለድርሻ ነበር። መሪው ሲሞት ባንዱን ከመበተን ይልቅ የ22 ዓመቷን ዘፋኝ ስም አናቱ ላይ ለጠፈበት። በስማቸው ትልቅ የስዊንግ ባንድ ከመሩት የዚያ ዘመን ጥቂት ሴቶች አንዷ ሆነች፤ እርግጥ ልምምዱንና ሥነ ሥርዓቱን የሚመሩት ሙዚቀኞቹ ነበሩ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ብዙ ሸክላ ተቀረጸ። አብዛኛው «ኤ ቲስኬት»ን ለመድገም የተሞከረ ቀልድ ቀመስ ዘፈን በመሆኑ ዛሬ የሚያስታውሰው የለም።

በ1942 ባንዱ ተበተነ። ጦርነቱ ሙዚቀኞቹን ለውትድርና ይወስዳል፤ ቤንዚንና ጎማ በራሽን ስለሆነ ባንድ ጭኖ ከከተማ ከተማ መዞር አይቻልም። በዚያው ዓመት ኦገስት የሙዚቀኞች ማኅበር «ሸክላ በየሬዲዮውና በየመጠጥ ቤቱ ሲጫወት እኛ ሥራ እያጣን ነው» ብሎ ቀረጻ አቆመ። ዴካ በቀጣዩ ዓመት ተስማማ፤ ሌሎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች እስከ 1944 መጨረሻ ቆዩ።

አድማው ከታሰበው ሌላ ውጤትም አመጣ። ዘፋኞች እንደ ሙዚቀኛ ስለማይቆጠሩ አድማው አይመለከታቸውም ነበር። ኩባንያዎቹ በመሣሪያ ፋንታ በድምፅ አጃቢዎች እየቀረጹ ሲያወጡ የሸማቹ ጆሮ ዘፋኙን በስሙ መጥራት ለመደ። ፍራንክ ሲናትራ ከቶሚ ዶርሲ ባንድ ወጥቶ ለብቻው የገነነው በዚያው ጊዜ ነው። ኤላም በ1944 ኢንክ ስፖትስ ከተባሉት ድምፃውያን ጋር ያወጣችው ሸክላ ሚሊዮን አልፎ ተሸጠ። ትልልቆቹ ባንዶች ሲዳከሙ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ዘፋኝ ብቻውን መቆም ቻለ።

1945–1949፦ ቃል የሌለው ዘፈን

በዚህ ጊዜ ጃዝ ራሱ መልኩን ይለውጥ ነበር። ዲዚ ጊለስፒና ቻርሊ ፓርከር ለዳንስ የማይመች፣ ፈጣንና ውስብስብ የሆነ ቢቦፕ የሚባል አጨዋወት ይዘው መጡ። ብዙ የስዊንግ ዘፋኞች ዳር ቆመው ሲያዩ ኤላ ዘላ ገባችበት። በ1946 ከጊለስፒ ትልቅ ባንድ ጋር በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ዞራለች፤ መሣሪያዎቹ የሚሉትን በአፏ ለማለት ስትሞክር እንደተማረች ራሷ ትናገር ነበር። ከዚያው ባንድ ቤዝ ተጫዋቹን ሬይ ብራውንን በ1947 አገባች፤ በ1953 ተፋቱ። የሙዚቃ ጓደኝነታቸው ግን አልተቋረጠም።

ስካት የሚባለው ቃል አልባ አዘፋፈን ከእሷ በፊትም ነበር፤ አርምስትሮንግ በ1920ዎቹ አስፋፍቶታል። የኤላን ልዩነት ለማወቅ በ1945 የቀረጸችውን «ፍላይንግ ሆም» ማዳመጥ ይበቃል። ዜማው የታወቀው በላዮነል ሃምፕተን ባንድ ነው። ኤላ ከመግቢያው ጀምሮ አንድም ትርጉም ያለው ቃል ሳትጠቀም ትነሣለች። ከንፈሯን በምታጋጥምባቸው ድምፆች የናሱን ጎራ፣ ምላሷን በምታለሰልስባቸው ደግሞ ሳክስፎኖቹን ትሆናለች። አንድ ሐረግ ታነሣለች፣ ትደግመዋለች፣ ሦስተኛ ጊዜ ትሰብረውና ከሌላ የታወቀ ዘፈን ቁራጭ ትመርቅበታለች። በ1947 የተቀረጹት «ኦ ሌዲ ቢ ጉድ» እና «ሃው ሃይ ዘ ሙን» ይህንኑ አራቀቁት። የመሣሪያ ተጫዋቾች እንደ ባልደረባ ያዩዋት ከዚህ በኋላ ነው።

1949–1955፦ ሁለት ጌታ

በ1949 ኤላ ኖርማን ግራንዝ የሚያዘጋጀውን «ጃዝ አት ዘ ፊልሃርሞኒክ» የተባለውን ተዘዋዋሪ ኮንሰርት ተቀላቀለች። ግራንዝ የሎስ አንጀለስ ሰው፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነበር። ዓላማው ጃዝን ከመጠጥ ቤት አውጥቶ ትልልቅ አዳራሽ ማስገባትና ሙዚቀኛውን በደንብ መክፈል ነው። በውሉ ላይ የማይነቃነቅ አንቀጽ ነበረው፤ ተመልካች በዘር ተለይቶ የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ አይሠራም።

በኦክቶበር 1955 ይህ አቋም ሂውስተን ላይ ተፈተነ። ግራንዝ «ነጭ» እና «ጥቁር» የሚሉትን ምልክቶች ከአዳራሹ አስነሣ። ትርዒቱ መሀል ላይ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች የኤላን ልብስ መቀየሪያ ክፍል በርግደው ገቡ። ጊለስፒና ሳክስፎን ተጫዋቹ ኢሊኖይ ጃኬት ጥግ ላይ ዳይ ይጥላሉ፤ ኤላ ቡናዋን ይዛ ኬክ ትበላለች። «ቁማር» ተብሎ ሁሉም ታሰሩ፤ ግራንዝም ጭምር። ጣቢያ ሲደርሱ ፖሊሶቹ ኤላን ፊርማሽን ስጪን አሏት። ግራንዝ ክሱን ተሟግቶ ውድቅ አስደረገው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ወደ አውስትራሊያ ስትሄድ ሆኖሉሉ ላይ ከፓን አሜሪካን አውሮፕላን እንዳትሳፈር ተከልክላ ኩባንያውን ከሳለች፤ ነገሩ በስምምነት አልቋል።

በማርች 1955 ሞካምቦ በተባለው የሆሊዉድ የምሽት ክበብ ስለመዝፈኗ የሚወራው ታሪክም አለ፤ ማሪሊን ሞንሮ ለባለቤቱ ደውላ አስቀጠረቻት ይባላል። ኤላ ራሷ ለሞንሮ ባለዕዳ ነኝ ብላለች። «የመጀመሪያዋ ጥቁር ዘፋኝ ነበረች» የሚለው ግን ትክክል አይደለም፤ ዶሮቲ ዳንድሪጅና ኤርታ ኪት ቀድመዋት ዘፍነውበታል። በማራኪ ሴቶች የታወቀ ክበብ ወፍራም የጃዝ ዘፋኝ አለመፈለጉ የበለጠ ያስኬዳል፤ በ1935 የተዘጋባት በር ገና ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ነበር።

የሚገርመው ነገር ግራንዝ በኮንሰርት ይዟት ይዞር እንጂ በሸክላ ሊቀርጻት አይችልም ነበር፤ ውሏ የዴካ ነው። ዴካ ገበያ ያገኛል ያለውን ሁሉ ያዘፍናታል። ምን መሥራት እንደምትችል በ1950 በፒያኖ ብቻ ከኤሊስ ላርኪንስ ጋር በዜማ ደራሲው በገርሽዊን ስምንት ዘፈኖች አሳይታ ነበር፤ ተከታዩ ግን እስከ 1954 አልመጣም። ግራንዝ ማናጀሯ ከሆነ በኋላ ዕድል ቀናው። ዴካ የቤኒ ጉድማንን ሕይወት ከሚተርከው ፊልም የሙዚቃ ሸክላ ሊያወጣ ሲል፣ ከተጫዋቾቹ በርካቶቹ ከግራንዝ ጋር ውል ያላቸው ሆነው ተገኙ። «እነሱን ከፈለጋችሁ ኤላን ልቀቁልኝ» አለ። ለቀቋት።

1956–1964፦ ስምንቱ መድብሎች

ግራንዝ በ1956 መጀመሪያ ቨርቭ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኤላም በኮል ፖርተር ዘፈኖች መድብል 32 ዘፈን በሁለት ሸክላ አወጣች። ይህን ያስቻለው ከ1948 ጀምሮ የተስፋፋው ረጅሙ ሸክላ ነው፤ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ሲይዝ ዘፋኝ እንደ መጽሐፍ ተከታታይ ሐሳብ ይዞ መምጣት ይችላል። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ለአንድ የዜማ ደራሲ አንድ መድብል። ከቲያትርና ከፊልም የወጡ፣ ተረስተው የነበሩ ዘፈኖችን፣ ሌሎች ዘፋኞች ለማሳጠር የሚዘልሏቸውን የመግቢያ ስንኞች ጭምር እያካተተች ዘፈነቻቸው።

ሸክላው እንደ ጉድ ተሸጠና ቨርቭን በእግሩ አቆመው። ሮጀርስና ሃርት፣ ኤሊንግተን፣ ኧርቪንግ በርሊን፣ ገርሽዊኖች፣ አርለን፣ ከርንና መርሰር ተከተሉ፤ በስምንት ዓመት ስምንት መድብል። በ1957 በተቀረጸው ዱክ ኤሊንግተን ራሱ ባንዱን ይዞ አጅቧታል፤ ይህ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር መድረክ የተጋራው ሰው ነው። የሁሉም ግዙፉ በ1959 የወጣው የገርሽዊን መድብል ነው፤ በኔልሰን ሪድል ቅንብር 53 ዘፈን በአምስት ሸክላ፣ ሽፋኑም ላይ የሠዓሊው የበርናር ቡፌ ሥራ። ወንድማማቾቹ ገርሽዊኖች ከፊታቸው ወዳለው ትውልድ ሲሻገሩ ድልድዩ ይህ ሥራ ነበር፤ በሕይወት የነበረው አይራ ገርሽዊን ዘፈኖቻችን ይህን ያህል ጥሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ኤላ ስትዘፍናቸው ነው ብሏል።

የሚነቅፏትም ነበሩ፤ ነቀፌታው ፍሬ አለው። ሌላዋ የጃዝ ድምፃዊት ቢሊ ሆሊዴይ በተሰበረ ድምፅ የሰውን አንጀት ስትበላ፣ ኤላ የፍቅር ሐዘንን እንኳ በፈገግታ ትዘፍነዋለች ይላሉ። ኤላ የራሷን ቁስል የምትገልጥ ዓይነት ዘፋኝ አልነበረችም። ለመድብሎቹ ግን ይህ ጠባይዋ ጠቀመ፤ ዘፋኟ በዘፈኑ ፊት ስለማትጋረድ ቃሉና ዜማው ደራሲው እንደጻፈው ጥርት ብሎ ይሰማል።

በ1959 የግራሚ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ሁለቱን ወሰደች፤ በሕይወት ዘመኗ ያገኘቻቸው 13 ደርሰዋል። በፌብሩዋሪ 1960 ደግሞ በርሊን ላይ በብዙ ሺህ ሰው ፊት «ማክ ዘ ናይፍ»ን ስትዘፍን መሀል ላይ ግጥሙ ጠፋባት። ግጥም ቢጠፋበት ማሲንቆውን እንደማያቆም አዝማሪ እዚያው ራሷ ግጥም መፍጠር ያዘች፤ መርሳቷን ራሱን ዘፈነችው፣ የአርምስትሮንግን ጎርናና ድምፅ አስመሰለች፣ ባንዱ ሳይደናገር ተከተላት። ስሕተት ያለበት ያ ቅጂ እንዳለ ታትሞ ግራሚ አስገኘላት።

1965–1996፦ መውረድና መመለስ

ግራንዝ በ1960 መጨረሻ ቨርቭን ለኤምጂኤም ሸጦ ነበር። የመድብሎቹ ዘመን ሲያበቃ ኩባንያው ውሏን አላደሰውም። ሮክ ገበያውን ጠቅልሎ ይዟል፤ ኤላ ከኩባንያ ኩባንያ እየዞረች መንፈሳዊ መዝሙር፣ የገጠር ዘፈን፣ የወጣቶቹን ዘፈን ሞከረች። እነዚያ ሸክላዎች የዴካን ዘመን ያስታውሳሉ፤ እንደገና የማያውቋት ሰዎች ይመርጡላት ነበር።

በ1972 ግራንዝ ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ላይ ከካውንት ቤዚ ባንድ ጋር ኮንሰርት አዘጋጅቶላት ቀረጸው። የሽያጩ ውጤት አበረታቶት በ1973 ፓብሎ የሚል አዲስ ኩባንያ አቋቋመ። እዚያ ኤላ ከጊታር ተጫዋቹ ከጆ ፓስ ጋር ብቻዋን ተቀምጣ ቀረጸች፤ ድምፅዋ ከፍታውን ቢቀንስም ከታች የጠለቀ ቃና አግኝቷል። ስኳር በሽታ ግን ዓይኗን፣ ኋላም ልቧን ጎዳው። የመጨረሻ አልበሟን የቀረጸችው በ1989 ነው። በ1993 ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች ተቆረጡ፤ በጁን 15, 1996 ቤቨርሊ ሂልስ በሚገኘው ቤቷ በ79 ዓመቷ አረፈች።

ከሞተች በኋላም አዲስ ሸክላ ማውጣቷን አላቆመችም። ግራንዝ በሄደችበት ሁሉ ቴፕ ያስቀርጽ ስለነበር፣ በ1962 በርሊን የሰጠችው ሌላ ኮንሰርት ከግል ክምችቱ ተገኝቶ በ2020 ታተመ። ሙሉ ምሽቱ የእሷ ነው፤ አጃቢዎቿ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ በአልበሙ ላይ የተጻፈውም የእሷ ስም ነው። ታሪኳን በቁርጥራጭ ለሚያውቅ ሰው ጥሩው መንገድ የ1935ቱን የመጀመሪያ ሸክላ ከዚህኛው ጋር አስከትሎ ማዳመጥ ነው። በአንደኛው ባንዱ ጨርሶ ተራዋን ይሰጣታል፤ በሌላኛው ተራ የምትሰጠው እሷ ናት።